በአፉ የተደፋው ሳፋ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9 ቀን

ልጄ፣ ዓይኔ፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብዬ አልጀምርም። ብጠይቅሽ እሑድ እሑድ በስልክ የምትይኝን «ደህና ነኝ፣ እማዬ» ትደግሚልኛለሽ። ባልሽም ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ከጎንሽ «በጣም ደህና ናት፣ እማማ!» ይለኛል። የምጠይቀው አንቺን፣ የሚመልስልኝ እሱ።

እዚህ ዝናቡ ከብዷል። ልብስ ስፌቴን አልተውሁም፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። ወንድምሽ አውቶቡሱን ሊያወጣ ከመሄዱ በፊት ለቀኑ የሚበቃኝን መርፌ ሁሉ ክር አስገብቶልኝ ይሄዳል። እሱ እንደምታውቂው ነው፣ አፉ አይዘጋም። ተሳፋሪዎቹ «ሬዲዮ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

መጽሐፍሽ ደረሰኝ። ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ «የደራሲዋ እናት» ብለው የፊት ወንበር ሰጡኝ። ኮራሁ፣ አልዋሽሽም። የተከራከሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ስላኖርሻት ሴትዮ ነው። አመሻሽ ላይ ባሏ ሲገባ አረንጓዴውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በረንዳው ላይ በአፉ ትደፋዋለች። መንገደኛው ሁሉ ከሥር ያልፋል፣ ቀና ብሎ የሚያይላት የለም። ለምን እንደምትደፋው አንድም ቦታ አልጻፍሽም።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ሳፋው የተገለባበጠው ዘመናችን ነው» አለች። ጡረተኛው መምህር «የለም፣ ብቸኝነቷ ነው፤ ባዶ ዕቃ አይደለም እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ዞረው «እናቷስ ምን ይላሉ?» ሲሉኝ «እኔ ምን አውቄ፣ ሳፋ ሳፋ ነው» አልኩና አሳቅኋቸው።

ልጄ፣ ያ ሳፋ የእኔ ነው።

አባታችሁ እጁን የሚያነሳብኝ ቀን ካመጣጡ አውቀው ነበር። ያን ጊዜ ሮጥ ብዬ ሳፋውን ደጃፍ ላይ እደፋዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ተደፍቶ ካያችሁት ወደ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት እንድትሄዱ፣ ቀና ብሎ ካያችሁት እንድትገቡ ነግሬያችሁ ነበር። «ሲደፋ አባታችሁ ደክሞት ተኝቷል ማለት ነው» ነበር ያልኳችሁ። አንቺም «እሺ፣ እማዬ» ብለሽ የወንድምሽን እጅ ይዘሽ ትሄጂያለሽ። እኔ ሞኟ ያመንሽኝ መስሎኝ! እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ አንድ ቀን አንስተሽው አታውቂም። ለካ ከሳፋው ሥር የደበቅሁትን ሁሉ በዚያ ዕድሜሽ አንብበሽው ኖሯል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያንቺን ግን ቀለም አወጣው። መጽሐፉን የፈለገው ሰው ያንብበው፣ ያንን ገጽ የጻፍሽው ለእኔ ነው። አነበብሁት። ገባኝ። ሳፋው ዛሬ ያንቺ ሆኗል፣ ልጄ።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እማዬ» ብለሽ ብትስቂብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ገጹን ለወንድምሽም ሰጠሁት። እንደቆመ አነበበው። ያ ሬዲዮ መሰላል አምጥቶ ሳፋውን ከቆጥ ላይ አወረደ፣ አቧራውን አጥቦ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ «ክፍሏን ላጽዳ» ብሎ ገባ።

ይህን ደብዳቤ የምልከው በቤትሽ አድራሻ አይደለም፣ በአሳታሚሽ በኩል ነው። ፖስታው ላይ «ከአንዲት አንባቢ» ብዬበታለሁ፤ ውሸትም አይደለም። እሑድ ስትደውዪ ምንም አላነሳብሽም፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ማስረዳት የለብሽም፣ ይቅርታ መጠየቅም የለብሽም። መምጣት ብቻ።

ፈጣሪ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፤ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ፤ ብዕርሽን ይባርክልሽ።

ሳፋው ደጃፍ ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ዝናብ ሲሞላው ገልብጬ አልደፋውም፣ በጣሳ እየቀዳሁ ነው የማጎድለው። ድንገት በዚያች ቅጽበት ብትደርሺስ?

አንባቢሽ፣
እናትሽ