ካሜራ ገጣሚዋ፣ ተኳሹና የጠፉት ጣቃዎች

ውድ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽስ ከዚያ አድካሚ ፈረቃ ወጣ ወይስ አሁንም ቁርሱን ማታ ነው የሚበላው? የትልቋ የፊት ጥርስ በቀለላት? ትንሹስ አሁንም ጫማ አላደርግም ይላል? የእያንዳንዳችሁን ደኅንነት ለየብቻ ጻፊልኝ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል መልስ እማዬን አያጠግባትም።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነን። የእማዬ ደም ግፊትም ልክ ላይ ነው። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ሲላት እሺ ብላ ትወጣና ደጁን እንደዘለቀች «ገና ልጅ ነው» ትላለች።

በስልክ «ካሜራው ከምን ደረሰ?» ስትይኝ አድበስብሼ ያለፍኩሽ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ቁልፍና ክር ልትገዛ ወጥታለች። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

ካለፈው ወር መግቢያ ጀምሮ ከስፌት ቤታችን ጨርቅ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ጣቃ ሰማያዊ፣ በሳምንቱ አንድ ጣቃ ገበር፣ ከዚያ ሌላ ሰማያዊ። ለትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ የምንሰፋበት ጨርቅ ነው። ቆራጩ እኔ ነኝና መጀመሪያ የተጠየቅሁትም እኔ ነኝ። «አበላሽተህ ደብቀህ እንዳይሆን» አለችኝ እማዬ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝም በእሷ ቤት ገና ጨርቅ አበላሽቼ አልጋ ሥር የምደብቅ ልጅ ነኝ።

እኔን ስታልፍ ጥርጣሬዋ ተኳሻችን ላይ አረፈ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተቀጠረ ስለሆነ አታውቂውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ልብሳችንን ሲተኩስና ሲያጥፍ የኖረ፣ ረጅም ቀጭን ሰው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አምስት ቃል ቢወጣው ነው፤ ለዚህም ሰፊዎቹ «ዝምታው» ይሉታል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር። እማዬ አልሰደበችውም፣ አልጮኸችበትም። አንድ ጠዋት «ቁልፉን እኔ ልያዘው» ብላ እጇን ዘረጋች፤ እሱም ገባው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ፣ የዕለቱን ልብስ አንድም ሳያስቀር ተኩሶ ጨረሰ፣ የካውያውን ገመድ ጠቅልሎ ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም። በሠልስቱም አልመጣም። እኔም በልቤ «እሱ አይደለም» እያልኩ አፌን ዘግቼ ጨርቄን እቆርጥ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ እየጋለ ነው።

አንቺ «ካሜራ ግዙና ከሐሜት ተገላገሉ» ያልሽን በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ስንት በር እንዳለን እንኳ ሳይጠይቀኝ ዐሥራ ስድስት ካሜራ የያዘ ሳጥን ፊቴ ዘረገፈ። ስለ ጥራቱ ሲያወራ እንደገባው ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ «ጉንዳን ስትስቅ ያሳይሃል» አለኝ። የጉንዳን ሳቅ ለስፌት ቤት ምን ይረባል ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ጎረቤታችን ያለችው መድኃኒት ሻጭ ለእሷ ሱቅ የሠራችላትን ባለሙያ ላከችልን። መሰላል በትከሻዋ ይዛ ገባችና «ካሜራ ገጣሚ ነኝ» ስትል እማዬ «ግጥሙ ይቆየንና መጀመሪያ ካሜራውን አሳዪን» አለቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ጣሪያውን እያየች «ጥበቃ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እማዬ ተከዝ አለችና «አንድ ተኳሽ ነበረን፤ ተቀይሞን ቀረ» አለች። ገጣሚዋ መሰላሏን ቀስ ብላ አወረደች። «መሣሪያውን ይዞ ነው የቀረው?» ስትል እማዬ «ኧረ ካውያውማ እዚሁ ነው» ብላ መለሰችላት። የልብስ ጠርዝ የምትሰፋው አሮጊቷ ዘምዛሚያችን ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሰው ሆና አገኘኋት። ዕቃም አላወጣች፣ ዋጋም አልጠራች፤ «ማየት የምትፈልጉት ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። «ሁሉን የሚያይ ካሜራ ማንንም ለይቶ አያሳይህም» አለችኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሰፊ ቦታ የሚይዘው ካሜራ ሰው ማለፉን ይነግርሻል እንጂ ማንነቱን አይነግርሽም። ፊት መለየት ከፈለግሽ መግቢያው ላይ ጠበብ አድርገሽ ማነጣጠር አለብሽ። ጣሪያ ሥር ከሰቀልሽው የምታይው ኮፍያና መላጣ ነው። ከመስኮት ትይዩ ካደረግሽው ደግሞ ብርሃኑ ከኋላው የሚመጣ ሰው ሁሉ ፊቱ ከሰል ይመስላል። ገመድ አልባው ለመግጠም ይቀላል፤ ግን የእኛ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ምስሉ ይቆራረጣል ብላ ባለገመዱን መረጠችልን። መብራት ሲጠፋ መቅጃው እንዳይተኛ ባትሪ አደረገችለት። ምስሉ ሃያ ቀን ይቀመጥና አዲሱ አሮጌውን እየገፋው ይሄዳል።

እንዲህ ሆኖ ዐሥራ ስድስቱ ቀርቶ ሁለት በቃን፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ዕቃ ቤቱ ፊት። እማዬ ግን አንዴ ዓይን ከገዛች ወዲያ የምታቆም አልሆነችም። አንድ ከስፌት መኪናዎቹ በላይ፣ አንድ ደግሞ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ክፍል ውስጥ ካልተደረገ አለች። ገጣሚዋ «ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት ክፍል እኔ አልገጥምም፤ የሚገጥምልዎትንም ሰው አይመኑት» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። የመኪናዎቹን ነገር ደግሞ ዘምዛሚያችን ጨረሰችው። «እትዬ፣ ሃያ ዓመት የሰፋሁልዎት ማንም ጀርባዬን ሳያየኝ ነው። ከአሁን ወዲያ የሚያየኝ ካለ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዝምዝማቱም እባብ ይሆናል» አለቻት። እማዬ ለሰው የማትሸነፈውን ያህል ለጠማማ ዝምዝማት ትሸነፋለችና ሐሳቧን ተወች።

ከካሜራው ጋር የተገጠመው አላርም ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። በሩ ሲከፈት የሚያውቅ ማግኔት አለው፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ የሚለይ ትንሽ ነጭ ዓይን አለው። በሁለተኛው ቀን ቆልፈን ለምሳ ስንወጣ መንገዱን ሳንሻገር ሳይረኑ ጮኸ። እማዬ ከእጄ የሜትር እንጨቱን ነጥቃ ተመለሰች፤ ደጃችን ላይ የሚሠራው ጫማ ጠጋኝ መዶሻውን ይዞ፣ መድኃኒት ሻጯ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ተከተሏት። በሩ ሲከፈት ሌባው ጠረጴዛው ላይ ቆሞ እንፋሎቱን ያትጎለጉላል፤ ካውያው ነው። ዝምታው ከቀረ በኋላ የምተኩሰው እኔ ነበርኩ፤ ሳልነቅለው ወጥቻለሁ። ያ ነጭ ዓይን ትኩሱን እንፋሎት ሰው መስሎት ነው። ገጣሚዋ መጥታ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረችው። ዘምዛሚያችን ግን ለማንም ያልተናገረች መስላ «እሱማ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይነቅል ወጥቶ አያውቅም» አለች። እማዬም ሰምታታለች።

ካሜራው በተገጠመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ አራተኛ ጣቃ ጠፋ። ቁልፉ እማዬ አንገት ላይ ነው፣ ዝምታው ከቀረ ሰንብቷል። እማዬ፣ ዘምዛሚያችንና እኔ መቅጃው ፊት ተደረደርን፤ ምስሉን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ አሳለፍኩት። ጨርቅ አምጪው መጣ፣ ጣቃውን በሩ ሥር አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ሄደ። አራት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ሾፌር ያለቀውን ልብስ ሊወስድ መጣ። የልብሱ እስሮችም በነጭ ላስቲክ ተጠቅልለዋል፣ ጣቃውም በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ነው። ሰውዬው ሁለት እስር በአንድ ትከሻው፣ ጣቃውን በሌላው አድርጎ በዓይናችን ሥር ይዞት ወጣ። በሩን ከፍታ የያዘችለትና «እግዜር ያበርታህ» ብላ የሸኘችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እማዬ ራሷ ናት፤ ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል።

ምስሉን እዚያው ላይ አቆምኩት። ከዚያ እማዬ «በሉ እንግዲህ፣ ሌባዋን አገኘናት» አለች። ትምህርት ቤቱ ጋ ስደውል ዕቃ ጠባቂው አራቱም ጣቃዎች ሳይፈቱ ጥግ ላይ እንዳሉ ነገረኝ፤ ለመጠገኛ የላክንላቸው መስሎት ነበር።

«ለዝምታው ደውልለት» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ሻርፕዋን አደረገች። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ እያልኩ ያሳደግኋችሁ እኔ ነኝ። ይህ በስልክ አይባልም» አለች። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ሰማኋት፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ከአፏ ጠፋ። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብቻ አለች። እሱ የልጆቹን ልብስ እያጠፈ ነበር። ማጠፉን ሳይተው «እትዬ፣ ካሜራው ባይገጠም ኖሮ ሌባ ሆኜ እቀር ነበር?» አላት። እማዬ ልትሸሸው ትችል ነበር። «አዎ ልጄ፣ ትቀር ነበር። እዚህ ድረስ ያመጣኝም ይኸው ነው» አለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼባትም አፍሬላትም አላውቅም። ሚስቱ ወንበር ሰጠችን። እሱ የያዘውን ሸሚዝ አጥፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ካውያዬን ማን ነው ሲነካው የሰነበተው?» አለኝ። እጄን አነሣሁ። «አቃጠልከው?» ሲለኝ «ጥቂት» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁን ስሰማ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ ተመለሰ። አግዳሚውን ለልብስ እስር ብቻ አደረግነው፤ ጣቃ እንደመጣ ዕቃ ቤት ይገባል። እማዬ ቁልፉን መለሰችለት፤ ገጣሚዋንም ጠርታ አላርሙን ማጥፊያ የራሱን የሚስጥር ቁጥር አስሞላችለት። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የሚከፍተው አሁን እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሠራተኞቹን አስፈቅጄ የበሩን ካሜራ ብቻ ለአንቺም ስልክ አስከፍቼልሻለሁ፤ አከፋፈቱን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚሁ ጋር አድርጌዋለሁ። እማዬ ይህን ካወቀች ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀጉሯን አስተካክላ ካሜራው ፊት ቆማ የቤቱን ወሬ ሁሉ ታወራልሻለች። ድምፅ እንደማይቀዳ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። «ግድ የለም፣ ከንፈሬን ታውቀዋለች» ትለኛለች። እባክሽ እታለሜ፣ ብትችይ በዚያ ሰዓት ክፈቺው።

ባለቤትሽን በትከሻው ሳሚልኝ። ትልቋን ጥርሷን ስታሳይ የተነሣችውን ፎቶ አጎቷ እየጠበቀ ነው በያት። ትንሹን ጫማ እስኪያደርግ በባዶ እግሩ ሳሚልኝ። እማዬ እንደተለመደው አብዝታ መርቃሻለች። ዘምዛሚያችን የልጆቹን ልክ ላኪ ብላለች። ዝምታው ደግሞ ምን ልበልልህ ብለው አስቦ አስቦ «ሰላም በላት» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህ ረጅም ደብዳቤ ነው።

ወንድምሽ ቆራጩ

ከስፌት ቤታችን፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን