ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለተቆለፈው በር

ለተከበሩ የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ጥምር ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ሰይፈ ሚካኤል ወልደጻድቅ በከዚራ ሰፈር የምኖር የስፖርት መምህር ነኝ። በመጋላ ሰፈር የሚኖረውን የሚኒባስ ሹፌር ጓደኛዬን ፋራህንና እኔን ለሁለት ዓመት ከውድድር ያገደው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ማኅተሙ እጅግ ጥርት ብሎ ወጥቷል። በሦስት ጥፋቶች ስለከሰሱን እኔም እንደ አቅሜ በተራ ቁጥር እመልሳለሁ።

1. «የውድድሩን ክልል ያለ ፈቃድ ለቆ መውጣት» ስለተባለው፦

ውድድሩ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚጀመር በጽሑፍ አሳውቀውን ነበር። የክብር እንግዳው እስኪደርሱ ድረስ በዋና ልብስ ገንዳው ዳር አንድ ሰዓት ተኩል እንድንቆም ስላደረጉን፣ የድሬዳዋ ፀሐይ እንዴት እንደምትበረታ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ለመከታተል በቅተናል። ስፖርት ለጤና ስላለው ጥቅም የተደረገው ንግግርም ረጅምና አስተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ሜትር በሆነች ገንዳ ውስጥ ሰባ ስድስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ዋኘን፤ ውኃው ለብ ያለ ስለነበር ብርድ አልመታንም። ዘጠና ኪሎ ሜትሩን በዋሂል መስመር በብስክሌት ሄደን ስንመለስ ሰዓቱ አምስት ከሃያ ሆኖ ነበር። ከሁሉም የመጨረሻዎቹ እኔና ፋራህ ነበርን። የፋራህ ጎማ መንገድ ላይ ስለፈነዳ እኔም ጥዬው አልሄድኩም፤ ይህንንም በአራተኛ ጥፋትነት ሊመዘግቡልኝ ይችላሉ።

የቀረን ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። ብስክሌታችንን አስቀምጠን ጫማ ለመቀየር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ገባን። ፋራህ ወንበር ላይ ተቀመጠና መነሣት አቃተው። ላቡ ቆመ። ስሙን ስጠራው ዞሮ ያየኝ ነበር፣ ግን የሚያውቀኝ አይመስልም ነበር።

2. «የመንግሥትን ንብረት ቁልፍ መስበር» ስለተባለው፦

ይህ ደብዳቤ ከሌላ ከተማ ሰው እጅ ቢገባ ብዬ ላስረዳ። በከተማችን ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ቢሮ አምስት ተኩል ላይ ተዘግቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል። መልካም ልማድ ነው፤ በዚያ ሰዓት እኔም አረፍ እላለሁ። እርስዎ ግን ውድድሩን በሥራ ቀን አድርገው፣ ውኃ አዳዮቹን ከቢሮ ሠራተኞች መርጠው፣ የሥራ ሰዓቱም እንዲከበር አዘዙ። አምስት ተኩል ሲሆን በሩጫው መንገድ ላይ የነበሩት የውኃ ጠረጴዛዎች በሙሉ ተጣጥፈው ተነሡ። ጥበቃው አቶ ዓብዩም በተሰጣቸው የጽሑፍ ትእዛዝ መሠረት የግቢውን በር ከውጭ ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ በአቶ ዓብዩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እሳቸው ሰዓታቸውን አክብረዋል። ውስጥ የቀረ ሰው እንዳለ እንዲያዩ ማንም አላዘዛቸውም።

ስልካችንና መታወቂያችን ለደኅንነት ሲባል በጸሐፊዎ መሳቢያ ተቆልፎባቸዋል። ቧንቧውን ብከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተክሏል፤ በሩ ቆርቆሮ ስለሆነ በመዳፌ ስደበድበው መዳፌን ጠበሰው። ከተማው ሁሉ ተኝቷል። እኔም ጮኽኩ፣ ጠበቅሁ፣ እንደገና ጮኽኩ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ፈርቼ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቢቆይ ፋራህ እንደማይተርፍ አውቄ ነበር፤ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሸሚዜን እጄ ላይ ጠቅልዬ አጥሩን ዘለልኩ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር። እጄ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል፤ የጠርሙሶቹ ጥራት የሚመሰገን ነው።

3. «ከተወዳዳሪ ውጪ ካለ ሰው እርዳታ መቀበል» ስለተባለው፦

ይህን ሳልክድ አምናለሁ። ከግቢው ማዶ በዛፍ ጥላ ሥር ሎሚና ሙዝ የሚሸጡት ወይዘሮ ሀሊሞ ከአጥሩ ስወርድ ጩኸቴን ሰምተው እየመጡ ነበር። መዶሻ ፈልገው አመጡልኝ፣ ቁልፉን ሰበርኩት፤ ለመጠጥ ያስቀመጡትን ሙሉ ጀሪካን ውኃ በፋራህ ላይ አፈሰሱ፤ ባጃጅ አስቁመውም እግሩን ይዘው አሳፈሩት። ማንነታቸውን የሚገልጽ ባጅ አንገታቸው ላይ አልነበረም። ደንቡን አንብበው ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ኮሚቴው አባላት ሁሉ፣ ቤታቸው ተኝተው ያሳልፉት ነበር።

ፋራህ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝቷል። የእርስዎ የእገዳ ደብዳቤ የደረሰው አልጋው ላይ ሳለ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዛሬም ፀሐይ ላይ አሥር ደቂቃ መቆም አይችልም። የኔን እገዳ እንዳለ ያጽኑልኝ፤ ቁልፍ ሰብሬአለሁ፣ ብችል ኖሮ ቀደም ብዬ እሰብረው ነበር። የምጠይቀው የፋራህ ስም ከዚያ ወረቀት ላይ እንዲነሣለት ብቻ ነው። እሱ ከውድድሩ ክልል በራሱ እግር አልወጣም።

ለሰጡን ልዩ ትኩረት፣ ለደንቡ መከበር ላሳዩት ጽናትና በሰዓቱ ለተዘጋው በር ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስዎን ከአምስት ሰዓት ተኩል በፊት በመጠባበቅ፣
ዜጋዎ
ሰይፈ ሚካኤል ወልደጻድቅ

ማስታወሻ፦ በደብዳቤዎ መጨረሻ የፋራህን የደረት ቁጥር እንድንመልስ አዘዋል። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ በአጠገቧ ወረቀት ስላጣች የሰውነቱን ሙቀት በቁጥሩ ጀርባ ጽፋበታለች፤ 41.6 ይላል። እባክዎን እንዳያሳጥቡት።