አንገትሽ ላይ ያሉት ሁለት እንጨቶች

ልጄ ትሁት፣

የጌታ ሰላም ናይሮቢ ድረስ ይድረስሽ፤ መግቢያ መውጫሽን እሱ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ቦንጋ ዝናቡ አላባራም፤ አባትሽ ማር ሊቆርጥ ማንኪራ ሄዷል። ለመሆኑ እራት በልተሽ ነው የምትተኚው?

የስካውት መሪ ልብስሽን ለብሰሽ የተነሳሽው ፎቶ ደርሶኛል። አንገትሽ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉትን ሁለት እንጨቶች ሳይ ግን ክታብ መስሎኝ ክው አልኩ። በጸሎት ያሳደግኳት ልጅ ብዬ አለቀስኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያይብሽ ፎቶ ቤት ወስጄ ከአገጭሽ በታች ያለውን አስቆርጬ አሳጠብኩት።

ትናንት ጋሽ ሙሉብርሃን፣ ድሮ እዚህ ስካውት ያሠለጥኑ የነበሩት፣ ሊጠይቁን መጡ። ለሳቸው ሙሉውን ስልኬ ላይ ባሳያቸው ብድግ ብለው ሦስት ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለስልኩ ሰላምታ ሰጡ! "እትዬ ተሾመች፣ ይሄኮ የመሪነት ሥልጠናውን ለጨረሰ ብቻ የሚሰጥ ነው። እኔ እንኳ ሳላገኘው ነው ጡረታ የወጣሁት" አሉኝ።

ከፍ በይልኝ ልጄ፤ የምትመሪያቸውን ልጆች ጌታ ይባርክልሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ሌላ ፎቶ ተነሽና ላኪልኝ። ስካርፍሽን ገለጥ አድርጊው፤ እንጨቶቹ ቤቴ ለሚገባ ሰው ሁሉ ከበሩ ጀምሮ ይታዩት።

እናትሽ