ባልዲውን ውጭ ትቼ

ለአባቴ፣

እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? እኔ ገለባ በገለባ ሆኜ ከመዋሌ በስተቀር ደህና ነኝ። የላኩት ጥቅል ደርሶኛል። ስወዘውዘው ከረሜላ መሆኑን በድምፁ አወቅሁ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው፤ አልከፈትኩትም።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የተደበደቡ፣ የተራቡ ፈረሶች ከባለቤቶቻቸው ተወስደው የሚመጡበት ግቢ አለ፤ እዚያ ፈረሶቹን ከሰው ጋር አለማምዳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው። ተቀምጦ ለመዋል ደመወዝ ይከፈላል ወይ እንዳይሉኝ፣ ይከፈላል!

አንዲት ባዝራ አለችን። ስትመጣ አጥንቷ ይቆጠር ነበር፣ ኩራቷ ግን አይጣል ነው፤ እመቤት አልናት። ሰኮናዋ ከመጠን በላይ አድጎ መራመድ አቅቷት ነበር። በማደንዘዣ አንዴ ይቆረጥላት ይሆናል፣ ሰኮና ግን በየስድስት ሳምንቱ መቆረጥ አለበት፤ ሁልጊዜ ማደንዘዝ አይሆንም። ሐኪሙ እስከ ወሩ መጨረሻ እግሯን ካላስነካች በመርፌ ገድሎ ከማሳረፍ ሌላ መላ እንደሌለ ቁርጡን ነገረን።

እኔም እንደ ደንቡ ገብስ በባልዲ ይዤ፣ እያንኳኳሁ ገባሁ። ፈረስ ይህን ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ይመጣል። እሷ ግን ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ላብ አጠመቃት። ባልዲው ቀይ ስለሆነ ይሆናል ብዬ ሰማያዊ ገዛሁ። ያው! ከዚያ በእንጨት ገንዳ ሞከርኩ። ያው! የግቢው ኃላፊ እትዬ፣ የባልዲ ሱቅ ልከፍት እንደሆነ እየጠየቁ ሳቁብኝ። የራበው እንስሳ እንዴት ምግብ ይፈራል? ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

አንድ ቀን ባልዲውን ረስቼ ገባሁ። ለመመለስ ሰነፍኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ወለሉ ላይ ተቀምጬ የቦቲዬን ጭቃ መፋቅ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ማጅራቴ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ያ የቀድሞ ባለቤቷ በገብስ ይጠራት ነበር። አፏን ባልዲው ውስጥ ከትታ ስትበላ ነበር ዱላውን የሚጀምረው። ስነግራቸው እትዬ፣ አንቺ ልጅ ይሄን በምን አወቅሽ አሉኝ። ከረሜላ ሲንኳኳ ምን እንደሚከተል ከልጅነቴ እንደማውቅ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ባልዲውን ውጭ ትቼ እገባለሁ። በዐሥራ አንደኛው ቀን እጄን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግራ እግሯን አነሳችልኝ። ትናንት ሰኮናዋ ተቆረጠ፤ ሐኪሙም መርፌውን ሳያወጣው ሄደ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ አባባ። መኖዋን ግን እስካሁን የምትበላው እኛ ዞር ስንል ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት አላውቅም፤ ለማየት ግን ጓጉቻለሁ።

ልምጣ ወይ ብለው ጽፈውልኛል። ሳስበው ሰነበትኩ። ይምጡ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ይላል። ከአጥሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እዚያ ይቀመጡ፤ አይጥሩኝ፣ ሥራዬን ስጨርስ ራሴ እመጣለሁ። ከረሜላም ሆነ ልብስ፣ ምንም ነገር አይያዙ። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ልጁን ሊያይ እንዴት ባዶ እጁን ይሄዳል እንደሚሉ አውቃለሁ። እባክዎ አባባ፣ ባዶ እጅዎን ይምጡ።

ለጉልበትዎ ምሕረቱን ይላክልዎ፤ መንገዱንም ያቅናልዎ።

ልጅዎ