የአሥር ዓመቱ ጌም

ለልጄ ለጎሊቻ፤

አካም ነህ? ሚስትህ ሄራን፣ ልጆቹ፣ ሥራህ ናጋ ነው? እኛ ናጋ ነን፤ ዝናቡ ገብቷል፣ ከብቱም ጠግቧል።

ነገሌ ገበያ ወርጄ የቴሌቪዥን ጌም አየሁ። ነጭና ጥቁር አለው። ነጩ ርካሽ ነው፤ ግን በየወሩ ይከፈልበታል። «ላም ገዝቼ፣ ባለብኳት ቁጥር ለሻጩ ልክፈል?» አልኩት ባለሱቁን። ጥቁሩ ውድ ነው፤ የጨዋታው ሲዲ ግን አንዴ ከተገዛ የራስህ ነው፣ ሲሰለችህም ከሰው ጋር ትለዋወጠዋለህ።

«የአሥር ዓመቱን ወጪ አስላልኝ» ስለው «አባባ፣ አሥር ዓመት ማን ሊጫወትበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ትንሹ ልጅህ ገና አራት ዓመቱ መሆኑን እሱ ምን ያውቃል። ሲያሰላው ጥቁሩ ረከሰ። ወይፈን ሸጬ ገዛሁት።

አምና ልትጠይቁን መጥታችሁ ልጆችህ «እዚህ ምንም የለም» ሲሉ በሁለተኛው ቀን ይዘሃቸው ሄድክ። አሁን አለ። መብራት ቢጠፋም ጎረቤት ጀነሬተር አለው፤ ተነጋግሬያለሁ። እኔም የኳሱን ጨዋታ ተለማምጃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝን መምህርት ሶሬቲን አራት ለዜሮ አሸንፌያታለሁ። «ይህንንስ አልጽፍም» ብላ ነበር።

ባለሱቁ «ካልተፈለገ በወር ውስጥ ይመልሱት» ብሎ ደረሰኝ ሰጥቶኝ ነበር። ቀደድኩት።

ዋቃ መንገዳችሁን ያቅናው።

አባትህ ዶዮ፣ በአውራ ጣቴ አትሜያለሁ።