ሁለት ብስክሌት በአንድ ሰንሰለት

ውድ ሌአርኮ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ልጅህ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠህ የጄኖቫን ደረጃዎች እየተራገምክ ይሆናል። እኛ ሜዳ ላይ ያደግን ሰዎች ደረጃ ሲበዛብን ሆን ብሎ ያበሳጨን ሰው ያለ ይመስለናል። ጉልበትህን እንዴት አደረገው?

ባቡር ጣቢያ ስሸኝህ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "ኒቬስ፣ ልጄ ቤቱን ሽጠህ እኔ ዘንድ ኑር እያለኝ ነው። በወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። አንቺ አብረን እንኑር ካልሽኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ካላልሽኝ ግን ሌላ የጭጋግ ወራት ብቻዬን አልገፋም" አልከኝ። እኔም "ባቡሩ መጣ" አልኩህ። በእርግጥም መጥቶ ነበር፤ ግን መልስ አልነበረም። በመስኮቱ እጅህን ስታወዛውዝ ፊትህን አይቼዋለሁ። እምቢ ያልኩህ መስሎሃል። እምቢ አላልኩም፤ እሺም አላልኩም። አፌ እንደሚዘገይ ታውቃለህ። እጄ ትንሽ ይሻላል፤ ሰዎች የሚጠገን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከሚያመጡበት ጋዜጣ ላይ እያነበብኩ ያጠራቀምኩት ቃል ለዚህ ይበቃኛል ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንተ የምታውቀው ባንተ በኩል የነበረውን ብቻ ነውና።

እናቴ ካረፈች በኋላ እሑድ ምን እንደሚደረግበት ጠፋኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሰው ልብስ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። እሑድ ግን የእርሷ ነበር፤ ማጠቡ፣ ማበጠሩ፣ ሾርባው፣ ከሰዓት በኋላ እስክትተኛ እጇን ይዞ መቀመጡ። እርሷ ስትሄድ እሑዱ ባዶውን ቀረ። በዚያ ጸደይ አንድ ጠዋት ብስክሌቴን አወጣሁና፣ ፖ ወንዝ እንዳይውጠን አያቶቻችን አፈር ቆልለው በሠሩት ክትር ላይ ወጣሁ። የምሄድበት አልነበረኝም። መንገዱ ግን ወደፊት ስለሚሄድ እኔም ተከተልኩት።

ከኋላዬ ደወል ሰማሁ። አንተ ነበርክ።

"ሲኞራ፣ ቀብር ነው የሚሄዱት?" አልከኝ።

"አይደለም።"

"ያ ሽመላ በእግሩ ቀደመዎት እኮ።"

"ይቅደም። የሚጠብቀኝ ሰው የለም" አልኩህ።

ሳቅክ፤ ግን አላለፍከኝም። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ነዳን። አንተ ስለ ስኳር ፋብሪካው ታወራለህ፤ ስኳሩ የሚወጣበት ሥር ሲቀቀል መንደሩን ሁሉ ስለሚሞላው ሽታ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለሚያንቀላፋው አለቃ፣ ስለ ሟች ባለቤትህ፣ ስለ ቲማቲምህ። እኔ እሰማለሁ። አንዳንዴ "አሰለቸሁሽ?" ትለኝ ነበር። አላሰለቸኸኝም። ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናዬ ድምፅ ብቻ በመሆኑ፣ የሰው ወሬ እንደ ሞቀ ውሃ ነበር የሚወርድልኝ።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነግሬህ አላውቅም። እኛ አገር ዳገት የለም፤ ዳገታችን ነፋሱ ነው። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ሲነሳ ወሬህን ሳታቋርጥ በነፋሱ ወገን ትሆናለህ። ወንዙ ሲጠመዘዝና ነፋሱ በሌላው ጎን ሲመጣ፣ ትንሽ ዘግየት ትልና ከኋላዬ አልፈህ በዚያኛው ጎን ትወጣለህ። ወሬህ እንኳ ካቆመበት አይስትም፤ ቲማቲሙ በግራ ጆሮዬ ጀምሮ በቀኝ ጆሮዬ ያልቃል። እንዲታይልህ ብለህ አላደረግከውም። እንደምታደርገው የምታውቅም አይመስለኝም። እኔን ግን በሕይወቴ ማንም እንዲያ ጋርዶኝ አያውቅም ነበር፤ በየጠመዝማዛው እጠብቀው ጀመር።

ከዚያ የሐብሐቡ ቀን መጣ።

እንደምታስታውሰው ብስክሌቴን የማስርበትን ሰንሰለት ቤት ረስቼ ነበር። ዲርቼ ሐብሐብ የምትሸጥበት ዳስ ስንደርስ አንተ ስለ ዘንድሮ ድርቅ እያወራህ ሁለቱንም ብስክሌቶች አጋጥመህ በሰንሰለትህ አሰርካቸው፤ ቁልፉን ሸሚዝ ኪስህ ከተትክ። አላሰብክበትም። እኔም እስክንቀመጥ ድረስ አላሰብኩበትም። እኛ መንደር ግን ሁለት ብስክሌት በአንድ ሰንሰለት የሚያስሩት ባልና ሚስት ናቸው። ሰው ጣት ላይ ቀለበት ከመፈለጉ በፊት ብስክሌቶቹን ነው የሚያየው።

ዲርቼ ያን ረጅም ቢላዋዋን እንደያዘች መጣች። "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለች።

"በምን?" አልክ አንተ።

"እኔ ምን አውቄ? ውጭ የታሰሩት ይናገሩ።"

ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ሁሉ ዞረው አዩ። ጉዌሪኖ ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ "ሌአርኮ፣ ቁልፉን ደህና ቦታ ደብቀው። በዚህ ዕድሜህ ሌላ አታገኝም" አለህ።

"አንተን ያገኘች ሚስትህ ምን ትበል?" አልከው፤ ሳቁ። ፊትህ ከሐብሐቡ ይልቅ ቀላ። ግን ተነስተህ ሰንሰለቱን አልፈታህም። እኔም ፍታው አላልኩህም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን በጽሑፍ እንድታገኘው እፈልጋለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ግን አንተ አላየኸውም። ጉዌሪኖ "አንድ ዙር ብቻ" ብሎ ጎተተህ። አንዱ ዙር ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ተሸነፍክና ብድርህን መመለስ ነበረብህ። ሐብሐቤን ጨረስኩ። ትንኞቹ ከወንዙ ተነስተው መጡ። ቤት ለሰኞ ጠዋት የምትፈለግ ቀሚስ ነበረችኝ። ብስክሌቴ ከብስክሌትህ ጋር ታስሯል፤ የቁልፉ ጫፍ ከኪስህ ብቅ ብሎ ይታየኛል። "ቁልፉን ስጠኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ብጠይቅህ እየሳቅክ እንደምትወረውርልኝ አውቃለሁ። አላልኩህም። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሌአርኮ፣ ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። እናቴ አልጋ አጠገብ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ተቀምጫለሁ። መቼ እንደምወጣና መቼ እንደምገባ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር፤ እኔም እወዳት ስለነበር ትክክል ይመስለኝ ነበር። ዲርቼ ዳስ ውስጥ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳይከለክለኝ፣ ራሴው ተመልሼ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የፈራሁት አንተን አይደለም። እንዴት በቀላሉ እንደተቀመጥኩ አይቼ ነው የፈራሁት።

በሚቀጥለው እሑድ አዲስ ሰንሰለት ይዤ መጣሁ። ብስክሌቴን ለብቻው ከምሰሶው ጋር አሰርኩት።

"ሰንሰለት ገዛሽ" አልክ።

"ገዛሁ።"

"ወፍራም ነው።"

"ነው።"

በዚያ ቀን ቀልድ አላወራህም፤ ካርታም አልተጫወትክም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ነፋሱ ሲዞር፣ እንደተከፋህ፣ አፍህን እንደዘጋህ፣ በዝምታ ከኋላዬ አልፈህ ነፋሱን ያዝክልኝ። ያኔ ልነግርህ ነበር። ሳልነግርህ ቤቴ ደረስን።

አሁን ደግሞ ያለፈውን እሑድ ልንገርህ። ብቻዬን ወጣሁ። በቆሎው ታጭዷል፤ ወንዙ ጎድሎ ነጭ አሸዋው እስከ መሃል ድረስ ወጥቷል። በመስመር የተተከሉት ረጃጅም ዛፎች ቅጠላቸው ያለ ነፋስም ይንሾካሾካል። ቀስ ብዬ ነዳሁ። የአጥር እንጆሪ ሳይ ወርጄ ለቀምኩ፣ ጣቶቼ እስኪጠቁሩ በላሁ፣ ስፈልግ ሣሩ ላይ ተጋደምኩ። አትቀየመኝ እንጂ ደስ አለኝ። ለብቻዬ መሆን እችልበታለሁ። ይህን ማወቄ ለአንተም ጥሩ ነው፤ እሺ ብልህ ጭጋጉን ፈርታ ነው አትልም።

ሲመሽ ወደ ዲርቼ ዳስ ጎራ አልኩ።

"ብቻሽን?" አለችኝ።

"ብቻዬን።"

"ሰውየውማ አይመለስም አሉ። ከከተማ የመጣ ገዢ የቤቱን አጥር ሲለካ ታይቷል።"

ጉዌሪኖ ከካርታው ቀና ሳይል፣ "ምን ይመልሰዋል? እዚህ ያለችው ሰንሰለት ለብቻዋ የምትገዛ ሴት ናት" አለ።

እኔ እንደ ልማዴ ዝም እላለሁ ብዬ ነበር። ድምፄን የሰማሁት ከሌሎቹ ጋር አብሬ ነው።

"ቤቱ አይሸጥም" አልኩ።

"ማን ነው ያለው?" አለች ዲርቼ።

"እኔ። ይመለሳል፤ አብረን እንኖራለን። እርሱ ካርታ ሲጫወት ግን እኔ ስፈልግ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጉዌሪኖ፣ አንተም 'አንድ ዙር ብቻ' ብለህ ሰው አታታልል።"

የዲርቼ ቢላዋ ሐብሐቡ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ጉዌሪኖ ዙሪያውን አየና፣ "ይቺ ሴትዮ ትናገራለች እንዴ?" አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ እኔም ሳቅኩ። ዲርቼ የሐብሐቡን ልብ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለችኝም።

ስለዚህ መልሴን ካንተ በፊት የሰማው ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ። እስካሁን ወንዙን ተሻግሮ ከማዶም ተሰምቶ ይሆናል።

እሺ ነው ሌአርኮ። አንተ ቤት እንኖራለን፤ ያንተ ወጥ ቤት ፀሐይ ያገኛል። የእኔን ቤት ግን አልሸጥም። የስፌት መኪናዬ እዚያው መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ እሠራለሁ፤ በሬንም ራሴ እዘጋለሁ። ብስክሌቶቹን በአንድ ሰንሰለት ማሰር ከፈለግክ እሰር፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሰንሰለት ሲገዛ ግን ቁልፉ ሁለት ነው። ሁለተኛው የሚስማር ቆርቆሮህ ውስጥ ወይም መሳቢያህ ጥግ ተጥሎ ይሆናል። ፈልገህ አምጣልኝ። ከተቀመጥኩበት ልነሳ ስል "ወዴት?" አትበለኝ፤ እኔም ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፤ መናገር እየለመድኩ ነው።

ለልጅህ ዛሬ ማታ ንገረው። ምግብ መሃል አይሁን፤ በልታችሁ ስትጨርሱ፣ ቀስ ብለህ። የሚወድህ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ይቆጣል። ለእሑድ ምሳ ከነሚስቱ ይምጣ በለው፤ በዱባ የተሞላውን ፓስታ እሠራላቸዋለሁ።

ብስክሌትህ ካኖርክበት ከቤቴ ጣሪያ ሥር አለ። የፊት ጎማው ተንፍሷል። ፓምፑ አጠገቡ ነው፤ ልነፋልህም እችል ነበር። አልነፋሁትም። መጥተህ ንፋው።

ያንተዋ
ኒቬስ