አዲሷ አስካለ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ጠዋት 1፡30

የ6ኛ ለ አማርኛ ፈተና እርማት። ግማሹ ይቀረኛል፤ እጄ አይታዘዝም። ዛሬ ማታ «የእነ አስካለ ግቢ» ድራማ እንደገና ይጀምራል። ስንት ዓመት አልፎት። ተዋንያኑ አዲስ ናቸው፣ ታሪኩ ያው ነው ተብሏል።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ላንተም ጽፌልህ አላውቅም። እኔ አማርኛ የተማርኩት ከአስካለ ነው። ከገጠር ጂንካ አክስቴ ዘንድ ስመጣ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ከአሪኛ ሌላ አፍ የለኝም። የአክስቴ አከራይ ነጋዴ ነበር። ቴሌቪዥኑን ወደ መስኮቱ ያዞርልናል፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ እንቀመጣለን። አስካለ ተከራዮቿን ስትቆጣ፣ ስታስታርቅ፣ ከንፈሬን አብሬ አንቀሳቅሳለሁ። አስተማሪ ያደረገችኝ እሷ ናት።

አስቴር ማታ ትመጣለች። ያን ጊዜ አጠገቤ መሬት ላይ ትቀመጥ የነበረችው፤ ዛሬ እዚሁ ት/ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። እንደ ሠርገኛ ነው የቸኮልነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ከሰዓት

አስካለ አይደለችም።

በሩን ከፍታ ወጣች። ሻሿ ልክ ነው፣ አረማመዷም ልክ ነው። ከዚያ አፏን ከፈተች። «ልጅቷ መጣ?» አለች። አስቴር ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አይደለም። እስከ መጨረሻው እንዲያ፤ ሴቱን ወንድ እያደረገች። አስካለን ከእኛ አገር የሄደች ሴት አድርገዋታል። እኔ በየቀኑ በቀይ እስክሪብቶ የምሰርዘውን ስህተት አፏ ውስጥ ከተቱት።

ደነገጥኩ። ከጉዞ ስመለስ ቤቴን ሌላ ሰው ገብቶበት ያገኘሁት ያህል። አስቴርም በንዴት ሳትሰናበተኝ ወጣች።

የድሮ ተመልካቾች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እዚያ ስሜ «የአስካለ ልጅ» ነው፤ ማንነቴን የሚያውቅ ከአስቴር በቀር የለም። ጻፍኩ፦ «ይቺ ሴትዮ መጀመሪያ አማርኛ ትማር፣ ከዚያ አስካለን ትሁን።»

ከቤ/ክ ስመለስ የልቡ ምልክት ተደርድሯል። ደስ አለኝ። አንተን አልዋሽህም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19። የእረፍት ሰዓት

የጻፍኩትን ከተዋናይቷ ፎቶ ሥር ለጥፈው በየቦታው በትነውታል። ሥሩ ስድብ ብቻ። ስለ ትወናዋ አይደለም። ወደ መጣሽበት ጫካ ተመለሺ የሚል አለ። እነዚህን ሰዎች ማን ከተማ አስገባቸው የሚል አለ።

እነዚህ ሰዎች ማለት እኔ ነኝ። እናቴ ናት።

እኔ ያልኩት ስለ ቋንቋዋ ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ። የሰማኝ የለም። አንዱማ አመሰገነኝ፤ መንገዱን የከፈትሽልን አንቺ ነሽ አለኝ። 3ኛ ክ/ጊዜ ላይ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ከሰዓት 10፡00



ከት/ቤት ስወጣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማለች። የአልማዝ እናት። ገዘር ከተማ ሳስተምር አልማዝ 6ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ፈጣን፣ ዓይነ አፋር። እናትየው በሚኒባስ የመጣችው እኔን ብላ ነው። ሳምኳት፤ ስለ ልጇ ጠየቅኳት። አዲስ አበባ ናት፣ ስሟን ለሥራ ለውጣለች። ከዚያ፦

«አስካለ የሆነው ልጄ ነው፣ ቲቸር።»

አልገባኝም። ደግማ ነገረችኝ። ያን ሁሉ ሽበትና መነጽር አድርገውባት እንዴት ልወቃት።

«ልጄ አለቀሰ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። አንድ ሰው ጻፈ አሉኝ፣ የአስካለ ልጅ የሚባል። አንቺ ጽሑፍ ታውቂያለሽ። ለዚህ ሰው መልስ ጻፊልኝ።»

ስትናገር ሰማኋት። ያቺ ቅዳሜ ማታ ያየኋት አስካለ ፊቴ ቆማለች። ድምፁ፣ አቆራረጡ፣ ሴቱን ወንድ ማድረጉ፤ አንድም አልጎደለም።

እሺ አልኳት። እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

አስቴርን አማከርኳት። ጽሑፉን አጥፊው፣ ማን ያውቅብሻል፣ ለእናትየውም ደህና መልስ ጽፈሽ ስጪያት አለችኝ። ደግሞ የጻፍሽው እውነት ነው አለች፤ አስካለ እንዲያ አትናገርም። አስቴር አሁንም እንደተቆጣች ነው። እኔም እሑድ ዕለት እንዲሁ ነበርኩ።

ላጠፋው ከፈትኩ። አላጠፋሁትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ገዘር ሄጄ መጣሁ።

ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። መልሱን ይዤ የመጣሁ መስሏት ፊቷ በራ። በአሪኛ ነገርኳት፤ የተሰባበረ አሪኛ፣ ከአክስቴ ሞት ወዲህ አፌ ዝጓል። ያ ሰው እኔ ነኝ አልኳት። ሌላ ቃል መሰላትና ደግሜ ተናገርኩት።

መፋቂያዋን አስቀመጠች። ከዚያ በአማርኛ መለሰችልኝ። ሆን ብላ።

«ወላጅ ስብሰባ እኔ ስናገር፣ ሆድሽ ይስቅ ነበር?»

አይስቅም ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ሳቄ ትዝ አይለኝም፤ በልቤ ማረሜ ግን ትዝ ይለኛል። ወደ እንሰቷ ተመለሰች። ሂጂም አላለችኝ፣ ግቢም አላለችኝ። ቆሜ ቆሜ ወጣሁ።

ጂንካ እንደገባሁ ግሩፑ ላይ በሙሉ ስሜ ጻፍኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መምህርት ነኝ፣ አሪ ነኝ፣ የእናቴም አማርኛ እንዲህ ነበር። ስድቡ ወደ እኔ ዞረ። አስቴር ከግሩፑ ወጣች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ጠዋት 1፡45

አልማዝ ጻፈችልኝ። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ።

«ቲቸር፣ 6ኛ ክፍል እያለሁ ‹ቤት ስትገቡ እናቶቻችሁን አርሙ› ብለውን ነበር። ገብቼ ሰው ፊት አረምኳት። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናግራ አታውቅም። አስካለን በእሷ አፍ የተጫወትኩት ለዚህ ነው። ቅዳሜ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ደውላ ሁሉን ነገረችኝ።»

እንዲያ ማለቴ ትዝ አይለኝም። የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው። ትዝ የማይለኝ በየዓመቱ ስለምለው ነው። ስንት ክፍል፣ ስንት ቤት፣ ስንት እናት።

ሦስት ጊዜ መልስ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም አጠፋሁ። በጽሑፍ የሚሆን አይደለም። አስቀድሜ እናትየው ጋ፣ ከዚያ አልማዝ ጋ እደውላለሁ። ዛሬ፣ ከ1ኛ ክ/ጊዜ በፊት። በአሪኛ ነው የምነግራቸው። ብሳሳትም ልሳሳት።